ግል ወይስ መንግሥት? ከከተማ ዳር ለሚኖሩ አረጋውያን የሕክምና ምርጫ

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሐኪም ወረቀት አነባለሁ። ግማሹ ከጤና ጣቢያ ወይም ከመንግሥት ሆስፒታል «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጪ ይግዙ» ተብሎ የመጣ ነው። ግማሹ ከግል ክሊኒክ ነው። ወረቀቱን የሚያመጡት እናቶችና አባቶች ግን ብዙ ጊዜ ያው ናቸው። በመስከረም ጤና ጣቢያ የነበሩት አባባ በኅዳር ከግል ክሊኒክ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በጥር ደግሞ ተመልሰው ጤና ጣቢያ ናቸው።

ልጆቻቸው ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «የቱ ይሻላል? ግል እንውሰዳቸው ወይስ መንግሥት?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ሕመማቸው ምንድን ነው? የሚቀጥለውንስ ወር ማን ይከፍላል? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ምርጫው ብዙም አያስቸግርም።

ግፊትና ስኳር፦ በየወሩ የሚመላለሱበት ሕመም

ወደ እኛ ከሚመጡት አረጋውያን አብዛኞቹ ግፊት ወይም ስኳር አለባቸው። ሁለቱም ያለባቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ አንዴ ታክመው የሚገላገሏቸው ሕመሞች አይደሉም። በየወሩ መድኃኒት አለ። በየቀጠሮው ልኬት አለ። በዓመት ቢያንስ አንዴ ኩላሊት መታየት አለበት። ስኳር ካለ ዓይንና እግርም መታየት አለባቸው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ክትትል እኔ ያለ ማመንታት ጤና ጣቢያን እመክራለሁ። አንደኛ ቅርብ ነው። ሁለተኛ ክፍያው የጡረታ ደሞዝ ይችለዋል። ሦስተኛ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጤና ጣቢያ የሚሰጡት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሜትፎርሚን የግል ሐኪሙም ብዙ ጊዜ የሚጀምርባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ካርቶኑ ያምር ይሆናል እንጂ ውስጡ ያለው ያው ነው።

ደጋግሜ የማየውን ልንገራችሁ። ልጅ እናቱን ትልቅ የግል ሆስፒታል ይወስዳል። ሙሉ ምርመራ ይደረጋል። ውድ ውድ መድኃኒት ይታዘዛል። የመጀመሪያውን ወር ልጁ ይገዛል። ሁለተኛውንም ይገዛል። ከዚያ ሥራ ይበዛበታል ወይም እጅ ያጥረዋል። እናት ደግሞ ልጃቸውን አስቸግረው መጠየቅ ያፍራሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን አንድ ቀን ውጠው አንድ ቀን ይዘሉታል። ጠይቄያቸው «ቆጥቤ ነው የምወስደው ልጄ» ያሉኝ እናቶች አሉ። ግፊት ሕመም ስለሌለው መዘለሉ አይታወቅም። አንድ ጠዋት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲል ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ለዘላቂ ሕመም መለኪያው ሕንፃው አይደለም። በጡረታ ደሞዛቸው፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ ዓመቱን ሙሉ ሊመላለሱበት የሚችሉበት ቦታ የቱ ነው? ያ ነው ዋናው ቤታቸው መሆን ያለበት።

ጤና ጣቢያ ጣጣ የለውም እያልኩ አይደለም። ወረፋው እውነት ነው። ካርድ ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት በር ላይ ካልደረሱ እኩለ ቀን ይሆናል። ላቦራቶሪው ኬሚካል አልቆበታል የሚባልበት ቀን አለ። ዛሬ ያያቸው ባለሙያ በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይገኝ ይችላል። መድኃኒትም ይጠፋል። ሆኖም ለብዙዎቹ መላ አላቸው። ለአረጋውያን ቅድሚያ የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ካርድ ክፍል ላይ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነው። የጾም ስኳር የሚሰጡ ከሆነ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ስለሚሄዱ፣ ደም እንደሰጡ የሚበሉት ነገር በቦርሳ ይያዝላቸው። የጠዋቱን የስኳር መድኃኒት ከምግብ በፊት ውጠው ወረፋ ላይ የሚወድቁ አባቶች አሉ። መድኃኒቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ከተሄደ ደግሞ ቢጠፋ እንኳ ለማፈላለግ ጊዜ አለ።

ጤና መድህን ካለ

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ላላቸው ሰዎች ሒሳቡ ጨርሶ ይለወጣል። በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፈላል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ላይ ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት እየከፈሉ አይታከሙም። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋል፤ መድህኑ ውል ያለው ሆስፒታል ይቀበላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በተቋሙ የጠፋ መድኃኒት ከከተማ አስተዳደሩ ከነማ መድኃኒት ቤቶች የሚወሰድበት አሠራር አለ። የመክፈል አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ለዚህ ወረዳ ሄዶ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ እድሳት ነው። ጊዜው ካለፈ ካርዱ ወረቀት ብቻ ነው። ሁለተኛው ሪፈር ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ ሙሉ ሽፋኑን አያገኙም። የግል ክሊኒክ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል» ብሎ ቢጽፍላቸውም ውጤቱን ይዘው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያቸው ነው መመለስ ያለባቸው።

እኛ ዳር ላይ ለምንኖር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሰፈር አዲስ አበባ ነው። ታክሲው ልዩነቱን አያውቅም፣ መድህኑ ግን ያውቃል። ወላጆቻችሁ መድህን የገቡት በየትኛው አስተዳደር እንደሆነና ውል ያለው ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር እንደሆነ ሳይታመሙ በፊት ጠይቁ። መነፅርና ሰው ሠራሽ ጥርስንም እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ። ይሸፈናል ብሎ ሄዶ ማፈር አለ።

ግል የሚሻልበት ጊዜ

አለ፣ ያውም ብዙ ነው።

ዋናው ፍጥነት ነው። የልብ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ታዞ በመንግሥት ሆስፒታል የሩቅ ቀጠሮ ከተሰጠ፣ ወይ ማሽኑ ተበላሽቷል ከተባለ፣ በግል ከፍሎ በዚያው ሰሞን ማሠራት ያዋጣል። ይህ አንዴ የሚወጣ ወጪ ነው። የውጭ አገር ልጅ የላከው ገንዘብ፣ የእህት ወንድም መዋጮ፣ ለዚህ ይሁን። ውጤቱን በወረቀት፣ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ደግሞ በእጅ ተቀበሉ። ከዚያ ወደሚከታተላቸው ሐኪም ይዛችሁ ተመለሱ። የግልን ፍጥነት የመንግሥት ክትትል ላይ መጨመር ማለት ይኸው ነው። እስካሁን ካየሁት አካሄድ ሁሉ ይኸኛው ነው የሚያዛልቀው።

ሁለተኛው እፍረት ነው። አባቶች የሽንት ነገር ሲሆን አይናገሩም። ፕሮስቴት ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳቸዋል፤ ጠዋት ሲጠየቁ «ደኅና ነኝ» ይላሉ። ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ክፍል ሁለት ታካሚ በሚታይበት፣ በሩ በየደቂቃው በሚከፈትበት፣ ስለ ሽንት እንዲያወሩ መጠበቅ ይከብዳል። የግል ሐኪም ዘንድ በር ተዘግቶ፣ ወንበር ተስቦ፣ ረጋ ተብሎ ሲጠየቁ ይናገራሉ። እናቶችም ሴት ሐኪም ሲያገኙ የሚያወጡት ምስጢር አለ። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የባከነ አይደለም።

የባለሙያውም ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ ስፔሻሊስቶች ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ ደግሞ በግል ነው የሚሠሩት። «የግል ሐኪም» እና «የመንግሥት ሐኪም» የምንላቸው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛ አማራጭ አለ። አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከሥራ ሰዓት ውጪና ቅዳሜና እሑድ ፕራይቬት ዊንግ የሚሉት አገልግሎት አላቸው። ክፍያው ከኪስ ነው፤ ግን በአብዛኛው ከግል ሆስፒታል ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሰዎች ቢጠይቁት ጥሩ ነው።

የማያስፈልግበትንም ላንሳ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው። መድህን የሌለውም ሰው አይከፍልም። የዓይን ሞራም ቢሆን ለግል ከመበደር በፊት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን መጠየቅ ይሻላል፤ በዓይን ሕክምና የቆየ ስም አለው። በነፃ የዓይን ሞራ የሚገፈፍባቸው ዘመቻዎችም በየጊዜው ይካሄዳሉ።

ሰፈር ውስጥ ያሉ ትንንሽ ክሊኒኮች

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከከተማ ዳር «ግል» ስንል ብዙ ጊዜ ትልቁን ሆስፒታል ማለታችን አይደለም። ከሱቅ በላይ፣ ከባንክ ጎን ያለውን ክሊኒክ ማለታችን ነው። ከእነሱ መካከል በጣም ጠንቃቃ የሆኑ አሉ። በሌሊት ተነስተው በር የሚከፍቱም አሉ። ግን ሦስት ነገር ካያችሁ ጠይቁ።

አንደኛው ግሉኮስ ነው። «ደከመኝ፣ ግሉኮስ ይተከልልኝ» የሚሉ አረጋውያን በጣም ብዙ ናቸው። ልጆችም ያግዛሉ። ገንዘብ ከተከፈለ እምቢ የማይል ክሊኒክ አይጠፋም። አምስት ፐርሰንት የሚባለው ግሉኮስ አንድ ሊትሩ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው። ወደ አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። የሚሰጠው ጉልበት አንድ እንጀራ በሽሮ ከሚሰጠው አይበልጥም። ስኳር ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ስኳራቸውን ያንረዋል። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ያ ሁሉ ፈሳሽ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ድካሙ ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ ግሉኮስ መትከል ሕክምና አይደለም። ደም ማነስ ይሁን፣ ልብ ይሁን፣ ብቸኝነት ይሁን፣ መጀመሪያ ይታወቅ። መብላት መጠጣት ያቃተው ሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው «ታይፎይድና ታይፈስ» ነው። ትኩሳት ያለው ሁሉ ይህን ይባላል። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ድሮ የያዘን ነገር ወይም ሌላ ኢንፌክሽንን እንደ ታይፎይድ ሊያሳይ ይችላል። በአረጋዊ ሰው ትኩሳት የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሽንት ተመረመረ? ደረት ተደመጠ? ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የጉልበት ሕመም ማስታገሻ መርፌ ነው። ዲክሎፌናክና ወንድሞቹ ቁርጥማትን ያስታግሳሉ፤ ሰውየው ደስ ብሎት ይወጣል። ሲደጋገሙ ግን ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ። ግፊት ያለበት ሰው በየሳምንቱ የሚወጋ ከሆነ የግፊት ክኒኑ ለምን አልሠራ እንዳለው አትገረሙ።

ሁለት ቦታ ሲታከሙ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት እግራቸው አብጦ መጡ። የፈለጉት የእብጠት መድኃኒት ነበር።

«እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። አንዱ ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው አምሎዲፒን ነው፤ በትንሽ ላስቲክ የታሸገ። ሌላው ከግል ሐኪም የታዘዘ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ኖርቫስክ ይላል። ጠዋት የላስቲኩን፣ ማታ የካርቶኑን ይውጣሉ። ሁለቱ ግን አንድ መድኃኒት ናቸው። ኖርቫስክ የአምሎዲፒን የንግድ ስም ነው። የእግር እብጠት ደግሞ የአምሎዲፒን የታወቀ ጠባይ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር ይብሳል።

«ለግሉ ሐኪም ጤና ጣቢያ ክትትል እንዳለዎት ነግረዋቸው ነበር?»

«ኧረ ልጄ፣ ሌላ ቦታ እታከማለሁ ብዬ ቅር እንዳይላቸው።»

ይህ ይሉኝታ ብዙ እናቶች አባቶች ላይ አለ። ሐኪሙን እንደ ማስቀየም ይቆጥሩታል። ሐኪም ግን በዚህ ቅር አይለውም። ባያውቅ ነው የሚቸገረው። እኚህን እናት ሁለቱንም መድኃኒት አስይዤ ወደ ጤና ጣቢያቸው መለስኳቸው። አንዱ ተቋረጠ።

ስለዚህ ግልም መንግሥትም የሚሄድ ሰው አንድ ደብተር ይኑረው። ተራ የልጅ ደብተር ይበቃል። የመድኃኒቱ የራሱ ስም፣ መጠኑ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ከመቼ ጀምሮ። የግፊትና የስኳር ልኬት ከነቀኑ። የንግድ ስሙ ብቻ ከተጻፈ መድኃኒት ቤት ጠይቁ፣ ዋናውን ስም እንጽፍላችኋለን። ባሕል መድኃኒትም ካለ ይጻፍ። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ክኒናቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ጾም ላይ ሰዓቱን ስለማዛወር ደግሞ ሐኪማቸውን በግልጽ ያነጋግሩ።

እነሱ ምን ይላሉ?

ልጆች ሲመርጡ ማሽንና ስም ያያሉ። አረጋውያኑን ስጠይቅ የሚነግሩኝ ሌላ ነው። አንዷ «እዚያ ስሜን ያውቃሉ» አሉኝ። አንዱ አባት ነርሷ በኦሮምኛ ስለምታናግራቸው ጤና ጣቢያን አይለቁም። ሌላዋ እናት መጸዳጃው ሩቅ ስለሆነ ብቻ አንድ ሆስፒታል ተመልሰው አልሄዱም፤ ስኳር ያለበት ሰው ቶሎ ቶሎ ሽንት ይመጣበታል።

ደረጃም አለ። እኛ አካባቢ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አረጋውያን ብዙ ናቸው። መውረዱ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያንን ወርደው የሚሄዱበት ክሊኒክ ደግሞ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ሌላ ደረጃ ይጠብቃቸዋል። ጤና ጣቢያ ግቢው ሰፊ ነው፤ ብዙው ክፍል ምድር ላይ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይህ ትልቅ ምክንያት ነው። «ግል ልውሰድሽ» ብላችሁ እምቢ ካሉ ለምን እንደሆነ ጠይቋቸው እንጂ ችክ አሉ አትበሉ። የማይወዱትን ቦታ ቀጠሮ አያከብሩም።

ድንገተኛ ሲሆን

ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ ደረት ሲጨመድድ፣ ትንፋሽ ሲያጥር የግልና የመንግሥት ክርክር የለም። ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ማስተከል ሰዓት ማባከን ነው። ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ቅርብ ሆስፒታል ነው። ለእኛና ለአቃቂ ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ አለ። ለካራ፣ ለየካ አባዶና ለአያት የካ ኮተቤ፣ ለአየር ጤናና ለጀሞ አለርት፣ ለአስኮና ለቡራዩ ቅዱስ ጳውሎስ ይቀርባል። ወድቀው ዳሌያቸው ከተጎዳ ወይም ጭንቅላታቸው ከተመታ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል የአደጋ ሕክምና ላይ የሚሠራ ነው። የግል ሆስፒታል ከቀረበም ግቡ፤ ድንገተኛ ሕመምተኛ በገንዘብ ምክንያት የመጀመሪያ እርዳታ ተከልክሎ መመለስ የለበትም። ተኝተው ይታከሙ ከተባለ ግን ማስያዣው ስንት እንደሆነና የቀን ሒሳቡ ስንት እንደሚሆን ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። ዳር ላይ አምቡላንስ እስኪደርስ ሊቆይ ስለሚችል ባለ መኪና ጎረቤት ካለ ከአሁኑ ተነጋገሩ። የመድህን ካርዱ፣ መታወቂያውና ደብተሩ በር አጠገብ በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ። ከአራተኛ ፎቅ ሰው በወንበር ለማውረድ ጠንካራ ጎረምሶች ያስፈልጋሉ፤ የብሎኩን ልጆች ስልክም እዚያው ደብተር ላይ ጻፉት።